ቀለምም ይበሰብሳል
(በተማሪዎች ማኅበራችን የማታ ስብሰባ ላይ ስለ ቤት ቀለም የመቆያ ዘመን የተደረገ ንግግር)



ከዚህ ቀደም በዚህ መድረክ ላይ የቀረቡት ንግግሮች ስለ አገር ልማት፣ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ፍልስፍና የተደረጉ ስለ ነበሩ፣ ዛሬ እኛ ስለ አንድ ባልዲ የግድግዳ ቀለም ልንናገር ስንነሣ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብትሉ አንቀየምም። በአገራችን የተማረ ሰው «ቀለም ቀመስ» ይባላል። እኛም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ቀለም የቀመስን ነን ብለን እንኮራለን። ሆኖም ባለፈው ክረምት የተበላሸውን ቀለም ከደኅናው ለመለየት ያቃተን እኛው ቀለም ቀመሶቹ ስለሆንን፣ የደረሰብንን ነግረን የተማርነውን ልናካፍላችሁ ወደናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምት ዕረፍታችን ጊዜ ከግቢያችን ብዙ በማይርቅ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት ክፍሎች ልንቀባ ተነሣን። ገንዘቡ ከእናንተው ከሻይና ከዳቦ ተቀንሶ በመዋጮ የተሰበሰበ ነበር። ለአዲስ ቀለም ስላልበቃን፣ አንድ ነጋዴ በመጋዘናቸው ውስጥ የከረመ ቀለም በግማሽ ዋጋ ሊሰጡን ፈቀዱ። ባልዲዎቹ አቧራ ለብሰዋል፤ የአንዱም ክዳን ወደ ላይ አብጧል። እኛ ግን ያየነው ዋጋውን እንጂ ክዳኑን አልነበረም።

አሠራሩን እንዲያሳዩን የለመንናቸው አንድ ሸምገል ያሉ ቀለም ቀቢ የመጀመሪያውን ባልዲ እንደ ከፈቱ ፊታቸውን አዞሩ። «ልጆቼ፣ ይኼ ቀለም ተበላሽቷል፤ ግድግዳ ላይ ከወጣ አይለቃችሁም» አሉን። ከመካከላችን ኬሚስትሪ የሚያጠኑ ነበሩና «አባባ፣ ቀለም እኮ ምግብ አይደለም፤ ምን ያበላሸዋል? ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል» ብለን መለስንላቸው። እሳቸውም ዝም አሉ። እኛም ቀባን።

በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ደረቀ፤ ሽታውም የጠፋ መሰለን። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲጀመር ግን፣ ዝናብ በጣለና ክፍሉ በልጆች ትንፋሽ በሞቀ ቁጥር የገማ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከግድግዳው ይወጣ ጀመር። የክፍሉ አስተማሪ ልጆቹን እያወጡ ከዛፍ ሥር ለማስተማር ተገደዱ። በመጨረሻም ግድግዳውን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስንፍቅ ዋልን፤ ለአዲስ ቀለምም ሁለተኛ መዋጮ ከእናንተ ጠየቅን። ያን ጊዜ ሁለተኛው መዋጮ ለምን እንዳስፈለገ በግልጽ አልነገርናችሁም፤ «ዋጋ ተጨመረ» ብለን አለፍን። እውነቱ ግን ይኸው ዛሬ የነገርናችሁ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ምግብ ያልሆነው ቀለም ስለ ምን ይበሰብሳል? የሚለው ነው። ለሰው ምግብ አይሁን እንጂ ለባክቴሪያ ምግብ ነው። ዛሬ ለቤት ውስጥ ግድግዳ የሚሸጠው፣ ሕዝቡ የፕላስቲክ ቀለም ወይም የውሃ ቀለም የሚለው ዓይነት፣ በውስጡ ብዙ ነገር አለበት። መጀመሪያ ውሃ አለ። ነጭ መልክ የሚሰጠው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ዱቄት አለ። መጠኑን የሚያበዛ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ አለ። ዱቄቱን ከግድግዳው ጋር የሚያያይዝ አክሪሊክ ወይም ቪኒል የሚባል ሙጫም፣ ቅቤው በወተት ውስጥ እንደሚበተን ሁሉ በውሃው ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። ከዚህ ሌላ ቀለሙ ከብሩሽ ላይ እንዳይንጠባጠብ የሚያወፍረው ነገር ይጨመርበታል፤ ይህም ማወፈሪያ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከሴሉሎስ፣ ማለትም ከእንጨትና ከጥጥ ከሚገኘው ነገር ነው።

ውሃ፣ ሴሉሎስና ሙቀት በአንድ ዕቃ ውስጥ በተገናኙበት ቦታ ባክቴሪያ ሳይጋበዝ ይመጣል። እናቶቻችን ያቦኩት ሊጥ የሚኮመጥጠው በዚሁ ዓይነት ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ሊጡ እንዲኮመጥጥ የሚፈለግ ሲሆን ቀለሙ ግን ሳይፈለግ መኮምጠጡ ነው። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች አሲድ ያወጣሉ፤ ሌሎቹም አየር በሌለበት በባልዲው ግርጌ ተቀምጠው የገማ እንቁላል ሽታ ያለውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሠራሉ። የሚወጣው ጋዝ መሄጃ ሲያጣ ክዳኑን ያሳብጠዋል። እኛ ያየነው ያ ያበጠ ክዳን፣ ማንበብ ብናውቅ ኖሮ፣ የተጻፈ ማስታወቂያ ነበር።

ባክቴሪያው የሴሉሎሱን ማወፈሪያ የሚቆራርጥበት ኢንዛይም አለው። በዚህም ምክንያት ወፍራም የነበረው ቀለም እንደ አጓት ይቀጥናል። ልናስተውለው የሚገባ ነገር፣ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላ እንኳ ኢንዛይሙ ሥራውን የሚቀጥል መሆኑ ነው። ስለዚህ ከተበላሸ በኋላ መድኃኒት ቢጨምሩበት ወይም ሽቶ ቢያርከፈክፉበት ቀለሙ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ አስቀድመው የመበስበስ መከላከያ ይጨምሩበታል። ቀድሞ በአሜሪካ አገር ለዚሁ ተግባር የሜርኩሪ ቅመም ይጨመር ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. በሚቺጋን ክፍለ ግዛት ወላጆቹ ቤታቸውን በእንዲህ ያለ ቀለም ካስቀቡ በኋላ አንድ የ4 ዓመት ልጅ በሜርኩሪ ተመርዞ ተገኘ፤ በሚከተለው ዓመት፣ በ1990 እ.ኤ.አ.፣ ለቤት ውስጥ በሚሠራ የውሃ ቀለም ላይ ሜርኩሪ መጨመር በዚያ አገር ተከለከለ። የዛሬዎቹ መከላከያዎች ከዚያ የቀለሉ ናቸው፤ ኃይላቸው ግን ከጊዜ ጋር ይደክማል። በተለይም ባልዲው ተከፍቶ፣ የቆሸሸ ብሩሽ ገብቶበት፣ የቧንቧ ውሃም ከተጨመረበት፣ መከላከያው ይሳሳል፤ አዲስ ባክቴሪያም ይገባል።

የዘይት ቀለም ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው። ይህ ለበር፣ ለመስኮትና ለብረት የምንቀባው፣ በአኳራጅ የሚቀጥነው ዓይነት ነው። ውሃ ስለሌለበት ባክቴሪያ አይኖርበትም፤ የእርሱ ጠላት አየር ነው። በጥንት ጊዜ ዋናው ዘይት የተልባ ዘይት ነበር፤ ዛሬም አልኪድ የሚባለው ሙጫ የሚሠራው ከአትክልት ዘይት ጋር ተዋሕዶ ነው። የተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ነው እንጂ እንደ ውሃ እየተነነ አይደለም። ስለዚህ ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ፣ ወይም ቆርቆሮው ግማሽ ሆኖ በላዩ ብዙ አየር ካለ፣ በፈላ ወተት ላይ ስልባቦት እንደሚጋገር በቀለሙ ላይ ቆዳ ይጋገራል። ሌላም ብልሽት አለ፤ በቀለሙ ውስጥ ያለው እንደ ዚንክ ኦክሳይድ ያለ ዱቄት ከዘይቱ አሲድ ጋር ሲዋሐድ ሳሙና ይፈጠርና ቀለሙ እንደ ጉበት ይረጋል። እንዲህ የረጋ ቀለም አኳራጅ ቢጨመርበትም አይመለስም።

በነገራችን ላይ፣ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ በአንድ ጥግ ቢወረወር፣ ዘይቱ ኦክሲጅን ሲወስድ የሚወጣው ሙቀት መውጫ አጥቶ ጨርቁ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ዘርግቶ ደጅ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ይገባል።

በመካከላችን «አባቶቻችን ቤታቸውን በኖራ ሲቀቡ ይህ ሁሉ ጣጣ የት ነበር?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በውሃ የተጠፋ ኖራ እጅግ የበረታ አልካሊ ስለሆነ ባክቴሪያና ሻጋታ ሊኖሩበት አይችሉም። እንዲያውም በውሃ ተሸፍኖ በጉድጓድ ወይም በገንዳ ውስጥ ከተቀመጠ ከዓመት ወደ ዓመት እየለሰለሰና እየተሻለ ይሄዳል። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ፣ የቀድሞው ሕግ ሥራ ተቋራጮች ከ3 ዓመት ያነሰ ዕድሜ ያለው ኖራ እንዳይጠቀሙ ይከለክል እንደ ነበር ጽፏል። ይሁን እንጂ ኖራም ጠላት አለው። ዱቄቱ በተቀደደ ከረጢት ከቆየ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግድግዳ ላይ አይጣበቅም፤ ልብስ ያነጣል እንጂ።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ጥያቄ ላይ ደርሰናል፤ ቀለም ስንት ዓመት ይቆያል? ክዳኑ ያልተከፈተ፣ ቀዝቀዝ ባለና በደረቅ ቦታ የተቀመጠ የውሃ ቀለም እስከ 10 ዓመት፣ የዘይት ቀለም ደግሞ እስከ 15 ዓመት ሊቆይ ይችላል ይባላል። ነገር ግን ይህ ነገሩ ሁሉ ሲሟላ ነው፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ብዙውን ጊዜ ኃላፊነት የሚወስዱት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ፣ በደንብ ተከድኖ ቢቀመጥ፣ ሁለት ዓመት ያህል ተስፋ ማድረግ ይቻላል። ውሃ ተጨምሮበት የተረፈውን ግን ለሳምንታት እንኳ ማመን አይገባም። ቀን በፀሐይ እንደ ምጣድ በሚግል፣ ሌሊት በሚቀዘቅዝ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የከረመ ቀለም ዓመቱ ሳይሞላ ሊበላሽ ይችላል። ውርጭ በሚወርድበት ደጋ አገርም ደጅ ያደረ የውሃ ቀለም በረዶ ከሠራ ሙጫው እንደ አይብ ይቋጠራል። ስለዚህ የዓመቱ ቁጥር ይመክረናል እንጂ አይፈርድልንም፤ ፈራጁ ምርመራው ነው።

ምርመራውም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሳይከፈት ክዳኑን ማየት ነው። ያበጠ ክዳን ጋዝ አለበት ማለት ነው። ቆርቆሮው የዛገ ከሆነም ዝገቱ ወደ ቀለሙ ገብቶ ግድግዳው ላይ ቡናማ ነጥብ ያወጣል።

ሁለተኛ፣ ማሽተት ነው። ደኅና የውሃ ቀለም ቀለል ያለ የመድኃኒት ሽታ ይኖረዋል እንጂ አይገማም። የኮመጠጠ፣ የገማ እንቁላል ወይም የቦይ ሽታ ካለው ነገሩ አልቋል፤ ወደ ሦስተኛው ምርመራ መሄድ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ላዩን ማየት ነው። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካለበት ይጣላል። ላዩ ላይ ውሃ ወይም ዘይት ቢንሳፈፍ ግን አያስደንግጥ፤ ዱቄቱ ከውሃው አራት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ታች መስመጡ ነው እንጂ መበላሸት አይደለም።

አራተኛ፣ በንጹሕ እንጨት እስከ ግርጌው ማማሰል ነው። ለስላሳ አተላ ከሆነ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ሲማሰል ይዋሐዳል። እንጨቱ የማይበሳው ድንጋይ ከሆነ፣ ወይም ከተማሰለም በኋላ እንደ አይብ የተቋጠረ ነገር ከቀረ፣ ወይም እንደ አጓት ቀጥኖ ከእንጨቱ ላይ ከሮጠ አይጠቅምም።

አምስተኛው ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀልለን ምርመራ ነው። የውሃ ቀለም ከፋብሪካ ሲወጣ በጥቂቱ አልካሊ እንዲሆን ተደርጎ ነው፤ ባክቴሪያ ከገባበት ግን ወደ አሲድ ያዘነብላል። ስለዚህ ከላቦራቶሪ ቀይ የሊትመስ ወረቀት ወስደን ከቀለሙ ላይ በተንሳፈፈው ውሃ ብንነክረው ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሰማያዊው ወረቀት ወደ ቀይ ከተለወጠ ግን ባክቴሪያ ሥራውን ጀምሯል። ይህን ሙከራ በአንደኛው ዓመት ሁላችንም ሠርተነዋል። ከፈተናው ወረቀት አልፎ ለባልዲ ይጠቅማል ብለን ግን አላሰብንም ነበር።

ስድስተኛና መጨረሻው፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ ቀብቶ አንድ ቀን ማሳደር ነው። ደርቆ ከፈረፈረ፣ ከተለጠፈ ወይም ጓል ካወጣ ግድግዳ አይነካም።

ከእነዚህ ምልክቶች የሚድንና የማይድን አለ። በዘይት ቀለም ላይ የተጋገረ ቆዳ ይድናል፤ ነገር ግን ቆዳውን ዙሪያውን በቢላዋ ቆርጦ ሙሉውን ማንሣት ነው እንጂ ከታች ካለው ጋር ማማሰል አይገባም። ከዚያም በአሮጌ የናይለን ካልሲ ወይም በሻሽ ማጥለል ይበቃል። የገማ፣ የሻገተ፣ የተቋጠረና እንደ ጉበት የረጋ ግን አይድንም።

አቀማመጡን በአጭሩ እንናገር። ከባልዲው ላይ እየነከሩ ከመቀባት ይልቅ የሚበቃውን ወደ ሌላ ዕቃ መቅዳት ይሻላል፤ በሩሎና በብሩሽ የገባው ቆሻሻ ነውና ቀለሙን የሚያበላሸው። የተረፈውን ወደ ዋናው ባልዲ መመለስም አይገባም። የተረፈው ጥቂት ከሆነ ልክክ ወደሚል ትንሽ ዕቃ ማዛወር፣ የክዳኑን ከንፈር መጥረግ፣ ክዳኑን በእንጨት ላይ በመዶሻ ቀስ ብሎ መምታት፣ ከሲሚንቶ ወለል አንሥቶ በጣውላ ላይ ማስቀመጥ፣ የተከፈተበትንም ቀንና የተቀባውን ክፍል በባልዲው ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ወጪው ጥቂት ደቂቃ ነው።

አሁን ከገንዘብ ወደሚከብደው ነገር እንለፍ፤ ይኸውም ስለ እርሳስ ነው። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ሳይሆን ማዕድኑን ነው። በዘይት ቀለሞች፣ በተለይም በቢጫና በቀይ፣ ለመልኩና ቶሎ ለማድረቅ የእርሳስ ቅመም ይጨመር ነበር። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። በአገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ1 ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግዲህ በመጋዘን የከረመ አሮጌ የዘይት ቀለም፣ ሽታውና መልኩ ደኅና ሆኖ እንኳ ቢገኝ፣ ከዚህ ደንብ በፊት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ለልጆች ክፍል አይታሰብም። የድሮ ቅብ ያለበትን በርና መስኮትም በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ መፋቅ አቧራውን ለሕፃናት ማብላት ነው። እኛም ባለፈው በደረቁ ፍቀናል፤ ጥሩ አላደረግንም። ውሃ እያርከፈከፉ፣ አፍንጫን ሸፍኖ መፋቅ፣ ፍቅፋቂውንም ሰብስቦ ማንሣት ይገባ ነበር።

ባዶውን ባልዲ በሚመለከትም አንድ ቃል አለን። በየሰፈሩ የቀለም ባልዲ ታጥቦ ውሃ ሲቀዳበት፣ እህል ሲቀመጥበትና ጠላ ሲጠመቅበት እናያለን። የቀለሙ መከላከያ የተሠራው ሕያው ነገርን ለመግደል ነው፤ ሌላው ቅመምም ለሆድ አልተቀመመም። ባልዲው ቢታጠብም ለአሸዋ፣ ለአመድና ለቆሻሻ ይሁን እንጂ ለምግብና ለመጠጥ አይሁን። የተበላሸውንም ቀለም ወንዝ ወይም ቦይ ውስጥ መድፋት ነውር ነው፤ ከታች ውሃውን የሚቀዳ ሰው አለና። በሰጋቱራ ወይም በአሸዋ ለውሶ፣ ልጆችና እንስሳት ከማይደርሱበት ቦታ አድርቆ በቆሻሻ መጣያ መጣል ይሻላል።

ክቡር ሊቀ መንበር፤

ይህን ሁሉ የተናገርነው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። በማኅበራችን ዕቃ ቤት ውስጥ ካለፈው ሥራ የተረፉና ከዚያም በፊት የተለገሱ 9 ባልዲዎች ተቀምጠዋል። ለሚመጣው ክረምት ለሌላ ትምህርት ቤት እንስጣቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ አንዳንዶቻችሁ እንደ ደገፋችሁት እናውቃለን። የለጋሽነቱን መንፈስ እኛም እንደግፋለን። ነገር ግን እኛ በክፍላችን የማንቀባውን ነገር ለድኃ ልጅ ክፍል መስጠት ልግስና ሊባል አይችልም። ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን፤ ባልዲዎቹ አንድ በአንድ ሳይመረመሩ ከዕቃ ቤት እንዳይወጡ፣ የተሠሩበት ቀን የማይታወቅ የዘይት ቀለሞች ለሕፃናት ክፍል እንዳይሰጡ፣ ከእንግዲህም ወዲያ በማኅበሩ ገንዘብ ቀለም ሲገዛ ባልዲው በሻጩ ፊት ተከፍቶ እንዲታይ።

ወደ ሽማግሌው ቀለም ቀቢ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠይቀናቸዋል። እሳቸውም ስቀው ቡና አስፈልተውልን፣ ልጆቹ ወደ ክፍላቸው መመለሳቸውን ጠየቁን። በሚመጣው ቅዳሜ ጧት በ3 ሰዓት መጥተው ባልዲዎቹን ከእኛ ጋር ሊከፍቱ ፈቅደዋል። ከመምህራኖቻችንም አንዱ የሊትመስ ወረቀት ሊሰጡን ቃል ገብተዋል። ጊዜ ያላችሁ ሁሉ አሮጌ ልብስ ለብሳችሁ እንድትገኙ፣ ስለ ሁለተኛውም መዋጮ ይቅር እንድትሉን እንለምናለን።